የወንድሟ ድምፅ በምክር ቤቱ አዳራሽ

የምክር ቤት ስብሰባ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ከስክሪኑ ጥግ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ጥቁር ሸሚዝ ለብሳ በእጆቿ የምታወራው ሴት እሷ ናት። መሥሪያ ቤት «አስተርጓሚዋ» ይሏታል፤ ቤት ግን ከእናቷ ጀምሮ ሁሉም «እታለም» ነው የሚላት። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኟት እጃቸውን እያወናጨፉ ይቀልዱባታል። እሷም አትለቃቸውም፤ በምልክት ቋንቋ አንድ ሁለት ስድብ ታቀምሳቸዋለች። ምን እንዳለቻቸው ስለማይገባቸው ይስቃሉ፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች።

ሙያውን የጀመረችው ፊደል ሳትቆጥር ነው ማለት ይቻላል። ታናሽ ወንድሟ ገና ድክ ድክ ሲል ክፉ ትኩሳት ያዘውና ነፍሱ ስትተርፍ ጆሮው ቀረ። እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ መኪናቸው ላይ አቀርቅረው ሲውሉ ልጁን የምትይዘው እሷ ነበረች። ሁለቱ ማንም ያላስተማራቸውን ቋንቋ በየዕለቱ እየፈጠሩ አደጉ። ጉንጭ መቆንጠጥ «እማዬ» ነው፤ አውራ ጣት ክርን ላይ «ያ ነዝናዛ ጎረቤት» ነው። እናትየው «የልጄ አፍ አንቺ ነሽ» ይሏት ነበር፤ እሷም ከልቧ አመነች። ሱቅም ሆነ ሐኪም ቤት፣ ፀጉር ሊቆረጥም ቢሄድ ከኋላው ነበረች።

ችግሩ ልጁ ምላሰኛ፣ ወይም እጀኛ ማለት ይሻላል፣ ሆኖ መገኘቱ ነው። «ይኼ ዘይት ውሃ የተቀላቀለበት ነው፣ ይመልስልኝ በይው» ይላታል። እሷ ደግሞ ለባለሱቁ፦ «ጋሼ፣ ሌላ ዓይነት ዘይት ካለ ብሎ ነው» ትላለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ይህ ሁሉ ነገር ማለዘብ የሠራው ልጁ ከንፈር ማንበብ እስኪለምድ ድረስ ብቻ ነው።

«ያልኩትን አላልሽም» አላት አንድ ቀን፣ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ።

«እንዳይጣሉህ ብዬ ነው።»

«ይጣሉኛ! ጠቡም የራሴ ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ የትም ሲሄድ እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ይዞ እንጂ እሷን ይዞ አልሄደም።

ነገሩ ውስጧን ሲበላው ኖረ። ኋላ ለአስተርጓሚነት ስትሠለጥን መምህሯ የተናገረችው ቃል ልቧ ውስጥ የቀረውም ለዚህ ነው። «ሰውየው ‹እኔ› ካለ እናንተም ‹እኔ› በሉ» ነበር ያለቻቸው። «ከተቆጣ ተቆጡ። ከተሳደበም ተሳደቡ። ያያችሁትን የሰው ገመና ግን ከበሩ ስትወጡ እዚያው ጥላችሁት ውጡ።» እታለም ይህን ሕግ እንደ ቆዳዋ ለበሰችው። ሐኪም ቤትም ፍርድ ቤትም ስታስተረጉም ኖራ በመጨረሻ ምክር ቤት ቀጠራት፤ ሐኪም ቤት ሲጠራት ግን አሁንም ትሄዳለች።

ወንድሟ አናጢ ሆነ። ሱቁ ዋናው መንገድ ዳር ናት፤ ከፊት ወንበርና ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ከኋላ ጣውላና ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ተደግፎ ይታያል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰጋቱራውን ጠርጎ፣ ስልኩን በሠራው የእንጨት እግር ላይ አቁሞ፣ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል። «ቅዳሜ በእጅ» ይባላል ዝግጅቱ። የሳምንቱን ዜና በምልክት ይተርካል፤ እንግዳ ያቀርባል፤ ይቀልዳል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከየቦታው ይከታተሉታል። እግረ መንገዱንም አዲስ የሠራውን ወንበር ከጀርባው ማቆም አይረሳም።

ከዝግጅቱ ሁሉ ብዙ የሚታየው ግን የአደራ ክፍሉ ነበር። የሚሰማ ሰው በደሉን በሬዲዮ መናገር ቢፈልግ ስሙን ሳይናገር ስልክ ይደውላል፤ ድምፁን ማን ያውቀዋል? በእጁ የሚያወራ ሰው ግን ፊቱ ካልታየ ቋንቋው ራሱ ይጎድላል። ቁጣውም ጥያቄውም ያለው ቅንድቡ ላይ ነው። ስለዚህ አናጢው ሰዎቹን ሱቁ ጓዳ ውስጥ ያናግርና፣ ታሪካቸውን ራሱ በካሜራ ፊት መልሶ ይናገርላቸዋል፤ እጁ የሱ፣ ነገሩ የነሱ።

አንድ ቅዳሜ ስለ አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተናገረ። ባለቤቱ ሠራተኞቹ እንዳይወጡ የኋላውን በር ከውጭ ይቆልፍ ነበር። አንድ ቀን ከማሽኖቹ አንዱ ተቃጥሎ ጢስ ቤቱን ሲሞላው የሚሰሙት ሠራተኞች ጩኸቱን ሰምተው በፊት በር ወጡ። መተኮሻ ክፍል ውስጥ በየተራ ከሚሠሩት መስማት የተሳናቸው ሴቶች አንዷ ግን ጢሱ በበሩ ሥር እስኪገባ ድረስ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ወደ ኋላው በር ሮጠች፤ ተቆልፏል። አንድ የሥራ ባልደረባዋ አስታውሷት ተመልሶ ባይጎትታት ኖሮ እዚያው ቀርታ ነበር።

እታለም ዝግጅቱን ያየችው ቤቷ ልብስ እያጠፈች ነው። እጇ ላይ የነበረው ፎጣ ወደቀ። ሴትየዋን አወቀቻታ! የዚያን ዕለት ሐኪም ቤት እየሳለች ለሐኪሙ ስትናገር ያስተረጎመችላት እሷ ነበረች። ለማንም አልተነፈሰችም። ወንድሟም እንደምታውቅ አያውቅም።

ከዝግጅቱ በኋላ ያ ቁልፍ ተነሣ። ባለቤቱ ግን ጥርሱን ነክሶ «ማናት? ስሟን አምጡልኝ» እያለ በየቦታው መዞር ጀመረ።

ረቂቅ አዋጁ ምክር ቤት የደረሰው በዚሁ ሰሞን ነው። በኢንተርኔት የሚተላለፉ ሥርጭቶችን ለመቆጣጠር የወጣ ነበር። በቋሚነት የሚያሰራጭ ማንኛውም ሰው ፈቃድ ያውጣ ይላል፤ በሥርጭቱ የተሳተፉትንና መረጃ የሰጡትን ሰዎች ማንነት መዝግቦ ይያዝ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጠየቀ ጊዜም ያቅርብ ይላል፤ በሥርጭት ዕቃ የሚሸጥም የንግድ ፈቃድ ይኑረው ይላል። ቋሚ ኮሚቴው ከማጽደቁ በፊት ሕዝቡን ልስማ ብሎ መድረክ ጠራ። አስተያየት እሰጣለሁ ብለው ከተመዘገቡት አንዱ አናጢው ነበር።

እታለም ይህን እንዳወቀች በቀጥታ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮ ሄደች። ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የሚያስይዙ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ አናጢው ወንድሜ ነው። ሌላ አስተርጓሚ ቢፈለግ ይሻላል» አለቻቸው።

«ባልደረባሽስ?»

«ታሟል። ከሌላ ቦታ ሰው ጠይቄ ነበር፤ ለዚያ ቀን የሚደርስ አልተገኘም።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ። «ለአባላቱ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ወንድምሽ ከተስማማ ትሠሪያለሽ። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፣ አንዲትም እንዳታጎድዪ።»

«አላጎድልም» አለች፤ አፏን ሞልታ።

ማታ ለወንድሟ ስትነግረው እንጨት የሚያለሰልስበትን ብርጭቆ ወረቀት አስቀምጦ ፊቷን በደንብ አየው። «እንደ ልጅነታችን ከሆነስ?» አላት።

«ልጅነታችን አልፏል። አንተ ብቻ እጅህን ቀስ አድርገህ አንቀሳቅስ፤ ስትናደድ ጣቶችህ እርስ በርሳቸው ይረጋገጣሉ።»

ሳቀ። እናታቸው ከማዶ ተቀምጠው ሁለቱን ሲያዩ፦ «ምንድን ነው ደግሞ የምትዶልቱት?» አሉ።

«ምክር ቤት ልንሳደብ ነው እማዬ።»

«እሰይ! እኔም ልምጣ እንጂ» አሉ እናት።

አዳራሹ በማለዳ ሞላ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች፣ በስልካቸው የሚያሰራጩ ወጣቶች፣ ነጋዴዎች፣ ጠበቆች ነበሩ። በስተግራ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተሰብስበው ተቀምጠዋል። እታለም ከመድረኩ ሥር ቦታዋን ይዛ ዓይኗን ወደነሱ ጣለች። የልብስ ማጠቢያ ቤቷ ሴት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ።

መጀመሪያ የተናገሩት አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው አደጋ ደርሶባት ሐኪም ቤት በር ላይ ስታለቅስ አንድ ወጣት በስልኩ ቀርፆ በቀጥታ አስተላልፏታል። «ልጄን ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት አስጠላት። መንገድ ላይ ‹ያቺ ናት› ይሏታል። ለማን አቤት ልበል? ስሙንም አድራሻውንም የሚያውቅ የለም። ይህ ሕግ ይውጣ፣ ይጥበቅም!» አሉ። እታለም ይህን በእጇ ስትተረጉም ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እጇን ግን አላቆመችም።

ተራው የአናጢው ሆነ። መድረኩ ላይ ወጣ፤ የሥራ ልብሱን ትቶ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ቫርኒሽ ግን አልለቀቀም። እጁን አነሣ፤ እታለም ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እኔ አናጢ ነኝ» አለች፣ በወንድሟ ፈንታ። «ወንበርም ዜናም እሠራለሁ።»

አዳራሹ ፈገግ አለ። ስለ ዝግጅቱ አስረዳ፤ ስለ አደራ ክፍሉ አስረዳ። ከዚያ ረቂቁን አነሣና ወደ ማንነት ምዝገባው አንቀጽ ሲመጣ ቅንድቡ ተኮማተረ። እታለም ያቺን ቅንድብ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቃታለች፤ ከሷ በኋላ ምን እንደሚመጣም ታውቃለች። ረቂቁን ያዘጋጀው የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ ከፊት ለፊት፣ ክራቫቱን አስሮ ተቀምጧል።

«ይህ አንቀጽ የሰነፍ ሥራ ነው» አለ በእጁ። «እንጨቱን ሳይለካ ኮላ ቀብቶ የለጠፈ አናጢ ሥራ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ወንበር ብሠራ ገዢው ጭራሽ ራሴ ላይ ይሰብረዋል።»

 «አንቀጹ ቢሻሻል ጥሩ ነው» ማለት ቀላል ነበር። ወንድሟ ማይክሮፎኑን አያይም፤ ዓይኑ የሷ ከንፈር ላይ ነው።

«ይህ አንቀጽ የሰነፍ ሥራ ነው» አለች፤ ድምጿም የወንድሟን ንዴት ሁሉ ይዞ ወጣ። ኮላውንም፣ የሚሰበረውን ወንበርም አንድ ሳታስቀር ተናገረችው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። አናጢው እህቱን አየና በትንሹ ራሱን ነቀነቀ።

ተወካዩ ፊቱ ደም መስሏል። ቢሆንም ራሱን ገትቶ እጁን አወጣ። «ሰነፍ መባሌን ልዋጠው» አለ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የእኚህን እናት ልጅ የቀረፀው ሰው ስሙ ስላልተመዘገበ ነው ያመለጠው። እሱን በምን እንያዘው?»

ጥያቄው ከባድ ነበር፤ ለአናጢውም አልቀለለውም። እጆቹን አጣምሮ ትንሽ አሰበ።

«የሚያሰራጨው ሰው ይታወቅ» አለ በመጨረሻ። «እኔ እታወቃለሁ፤ ስሜ ሱቄ በር ላይ ተጽፏል። ሰው ሳያስፈቅድ የሰው ፊት የሚያሳየውን ያዙት፣ ቅጡት፤ ለዚህ ሁለት እጄን አነሣለሁ። እናንተ ግን የያዛችሁት እሱን ብቻ አይደለም። አምኖኝ የመጣውን ሰው ስም ነው የምትጠይቁኝ። እሱንማ ካቀረብኩ እኔም ያቺን ልጅ እንደቀረፀው ሰው ሆንኩ።»

ይኼኔ በቀኝ በኩል የተቀመጡ አዛውንት የምክር ቤት አባል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገር የሚያከሩ፣ ግን ሆነ ብለው ሰው የማይጎዱ ሰው ናቸው። «ስለ አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት አስተላልፈዋል» አሉ። «ባለቤቱ ለኮሚቴያችን አቤት ብሏል። የከሰሰችውን ሴት ሳያውቅ እንዴት መልስ ይስጥ? ሴትየዋ ማናት? ምናልባት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለች?»

እታለም ጥያቄውን መተርጎም ነበረባት፤ ያውም ለወንድሟ ብቻ ሳይሆን በስተግራ ለተቀመጡት ሁሉ።  «ሴትየዋ ማናት? እዚህ አለች?» አለች በእጇ፤ ዓይኗን ከሦስተኛው ረድፍ አርቃ፣ ከግድግዳው ሰዓት ላይ ተክላ።

በስተግራ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ሴትየዋን ያውቋታል። ይሁን እንጂ አንድም አንገት አልዞረም። አንድም ዓይን ወደ ጎን አላፈነገጠም። ሁሉም እንደ አንድ ሰው የእታለምን እጅ ትክ ብለው አዩ። ሴትየዋም ከመካከላቸው ሆና እንደነሱ አየች።

አናጢው እጁን አነሣ። አጭር ነበር።

«አልናገርም» አለች እታለም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የወንድሟ ብቻ እንዳልሆነ እሷ ታውቃለች፤ ሌላ ማንም አላወቀም። 

«ባለቤቱ መልስ ይስጥ ካላችሁ» ሲል ቀጠለ አናጢው፣ «መልስ የሚሰጠው ለኔ ነው። ከማስተላለፌ በፊት ቤቱ ሄጃለሁ፤ ቁልፉን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ፎቶም አንስቻለሁ። ካሜራዬ ፊት ቀርበህ ተናገር ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁት፤ ‹ከዲዳ ጋር ምን አወራለሁ› ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ‹ዋሽተሃል› የሚለኝ ካለ ይክሰሰኝ። ሱቄን ያውቃታል።»

 «መልካም» አሉ አዛውንቱ። «እኔ አሁንም ስም የለሽ ክስ አይዋጥልኝም። ግን መልስዎን ሰምቻለሁ።»

ተወካዩ መልሶ እጁን ሲያወጣ እታለም «ደግሞ ምን መጣ» ብላ በሆዷ አለች። እሱ ግን ፈገግ እያለ ነበር። «አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ዝግጅትዎን አይቻለሁ። ከጀርባዎ ያለችው ወንበር... ዋጋዋ ተለጥፎባታል?»

እታለም ስትተረጉምለት አናጢው እንደ ሕፃን አቀረቀረ። ጆሮውን አከከ። «ተለጥፎባታል» አለች እሷ፤ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነክሳ። አዳራሹ ፈነዳ። ሰብሳቢዋም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ የንግድ አንቀጹ ይመለከትዎታል» አለ ተወካዩ።

«ይመለከተኛል» አለ አናጢው። «ወንበሯ ግን ጥሩ ወንበር ናት።»

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው በሩን ሳይዘጋ አንቀጹን ሲያገላብጥ ዋለ። የሕግ አማካሪዋ ቃል በቃል እያነበበች ታስተካክላለች፤ ተወካዩ ይከራከራል፤ አንዳንዱን ይለቃል፣ አንዳንዱን ሙጭጭ ይላል። እታለም ሁሉንም ተረጎመች። ክንዷ ዝሎ፣ ትከሻዋ እሳት እየላሰው፣ ግን ልቧ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። በመጨረሻ እንደ አናጢው ያሉ አነስተኛ አሰራጮች ፈቃድ ሳያስፈልጋቸው ማንነታቸውን አስታውቀው ብቻ እንዲሠሩ ተወሰነ። መረጃ የሰጠ ሰው ማንነት ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይጠየቅ ሆነ። ሰውን ያለ ፈቃዱ ቀርፆ ያሰራጨ ሰው የሚቀጣበት አንቀጽ ግን ከነበረው ጠበቀ፤ የልጅቷ እናት ይህ ሲነበብ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አዛውንቱ አባል በስም የለሹ ጉዳይ ተቃውሟቸውን አስመዘገቡ። የንግዱ አንቀጽ እንዳለ ቀረ።

ሲበተኑ በኮሪደሩ ሰው ተጨናንቆ ነበር። የልብስ ማጠቢያ ቤቷ ሴት በእታለም አጠገብ ስታልፍ ሰላም አላለቻትም፤ ክንዷን ብቻ ጠበቅ አድርጋ ይዛ ለቀቀቻትና በሕዝቡ መሀል ጠፋች። ወንድሟ አየ።

«ታውቂያታለሽ እንዴ?» አላት።

«ማንን?» አለችው።

ትክ ብሎ አያትና ሳቀ፤ ደግሞ አልጠየቃትም። ሻይ ሊጋብዛት ይዟት ወጣ። ከፈለገችው በላይ ሁለት ኬክ አዘዘላት፤ ብይ እያለ ሲነዘንዛት አመሸ።

አዋጁ ከጸደቀ በኋላ አናጢው የንግድ ፈቃዱን ለማስተካከል ብዙ ተንከራተተ። አብረሽኝ ካልሄድሽ ብሎ ቢለምናት «ሥራ አለኝ፤ ደግሞም ጠቡ ያንተ ነው» ብላ ላከችው። ፈቃዱ እጁ የገባ ዕለት ክፈፍ ሠርቶለት ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

በተከታዩ ቅዳሜ ዝግጅቱን ሙሉ ለአዋጁ ሰጠው። አንቀጽ በአንቀጽ በምልክት አስረዳ። እታለምና እናቷ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በስልክ ሲከታተሉት፣ «ንዑስ አንቀጽ» ለሚለው ቃል ምልክት ስላላገኘ አንዱን ከራሱ ፈጥሮ ሲያሳይ አየችው፦ ትልቅ ወንበር፣ ከሥሩ ትንሽ ወንበር። እታለም ከሳቋ ብዛት ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

«ምን አለ? ንገሪኝ እንጂ!» አሉ እናት።

«ምልክቱ የተሳሳተ ነው» ብላ እታለም ለወንድሟ መልእክት ላከችለት። እዚያው በቀጥታ ሥርጭቱ ላይ አነበበው፤ ከዚያ ካሜራውን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ባለ ፈቃድ ነኝ» እንደማለት፣ ክፈፍ ውስጥ ያለውን ፈቃድ አሳያት።